ጅማ–ሚዛን በቪትዝ፦ የመጀመሪያውን ቀን የት እንደር?

የኮቺ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ናችሁ ጀማው። ኅዳር ላይ እኔና ጓደኛዬ ከጅማ በመኪና ወደ ሚዛን ልንወርድ ነው፣ ከዛ ከተመቸን የበበቃን የቡና እርሻ እናያለን፣ በቴፒ በኩል ምናምን እያልን ነው፣ እሱ ገና ነው ግን፣ አሁን ያጨቃጨቀን የመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው። እሷ ጅማ ተወልዳ ያደገች ናት፣ ስራዋ ግን አዲስ አበባ ነው፣ አርብ በአውቶቡስ ጅማ ትገባለች፣ ቅዳሜ እንነሳለን። መኪናዋ የኔ ናት፣ አውቶማቲክ ቪትዝ፣ የምነዳውም እኔ ብቻ ነኝ ምክንያቱም እሷ መንጃ ፈቃዷን አውጥታ ቦርሳ ውስጥ ነው ያስቀመጠችው፣ መሪ ስትይዝ አይቻት አላውቅም።

የሷ ፕላን እንዲህ ነው። ቅዳሜ ጠግበን እንተኛ፣ እዚሁ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ቁጭ ብለን ቁርስ እንብላ፣ የጅማ መርካቶ ወርደን ለአክስቷ የሆነ ነገር እንግዛ (አክስቷ ሚዛን ናት)፣ 5 ሰዓት ላይ እንነሳና ማታ ሚዛን እራት። የኔ ደግሞ ከንጋቱ 12 ሰዓት መውጣት፣ እየቆምን እየተዝናናን ቦንጋ መግባት፣ እዛ አድረን እሁድ በጠዋት ሚዛን። ይሄን ስነግራት «ቦንጋ ላድር ነው እንዴ ፈቃድ የወሰድኩት?» አለችኝ። ከዛ ወዲህ ጎግል ማፕ እየከፈተች ፎቶ ትልክልኛለች፣ ይኸው ይደርሳል እያለች።

እና መስመሩን የምታውቁ፣ በአንድ ቀን ሚዛን ያስኬዳል ወይስ ቦንጋ ይሻላል? ቪትዝ ይችላል ወይ? ቤንዚንስ? ሁለት ሴት ብቻ ነን ደግሞ፣ ሰፈር ውስጥ ሰው ሁሉ «ማን ይዟችሁ ነው የሚሄደው?» እያለኝ ነው፣ የሱን መልስ ከናንተ አልፈልግም፣ ይዤ የምሄደው እኔ ነኝ።

የሚዛን መስመር

እህቴ እኔ እንጀራዬ እዚሁ መስመር ላይ ነው። ባጭሩ ቦንጋ እደሩ። ጊዜ ካለሽ ረዘም አርጌ ልንገርሽ።

ከጅማ ቦንጋ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከቦንጋ ሚዛንም ያንኑ ያህል ነው፣ አስፋልት ነው፣ ቪትዝ በደንብ ይሄዳል፣ ስንቱ ይመላለስበታል። ኪሎ ሜትሩን ስታዪው ትንሽ ነው፣ ችግሩ ጎግል ማፕ ከብት አያውቅም። ከጅማ ወጥተሽ እስከ ሰቃ ጨቆርሳ ድረስ መንደር በመንደር ነው፣ ባጃጅ፣ ሞተር፣ ፍየል፣ ገበያ ቀን ላይ ከወደቀባችሁ ደግሞ ሰዉ መንገዱን ሞልቶት ነው የሚሄደው፣ ክላክስ ብታደርጊ ዞር ብሎ ያይሻል እንጂ አይለቅልሽም። ከዛ በበለቴ ጫካ በኩል አድርገሽ ሸቤን ታልፊና ወደ ጎጀብ ትወርጃለሽ። ጥንቃቄው እዚህ ቁልቁለት ላይ ነው። አውቶማቲክ ነው ብለሽ ዲ ላይ ትተሽው ፍሬን ብቻ እየረገጥሽ አትውረጂ፣ ይግላል፣ የተቃጠለ ነገር ከሸተተሽ ጥግ ይዘሽ ቁሚና በራሱ ይቀዝቅዝ፣ ውሃ እንዳታፈሺበት። ማርሹን ዝቅ አርጊና ሞተሩ ራሱ ይያዛት። ጎጀብ ድልድይ ጋ ስትደርሺ ቆላ ነው፣ ጃኬት ታወልቂያለሽ፣ ድልድዩን ስትሻገሪ ከፋ ዞን ገባሽ ማለት ነው፣ ከዛ ወደ ግምቦ እንደገና ዳገት አለ፣ እዛ ላይ ኤሲ አጥፊላት ትንሽ ሞተር ናት።

አሁን የጓደኛሽን ሂሳብ እንየው። 5 ሰዓት እንነሳለን ማለት 6 ሰዓት ነው፣ መርካቶ የገባ ሰው በሰዓቱ አይወጣም። 9 ሰዓት ተኩል ቦንጋ፣ ምሳ ምናምን ሲባል 10 ተኩል፣ ከዛ ወደ ሚዛን ያለው ጠመዝማዛ ነው፣ ኅዳር ላይ ደግሞ 12 ሰዓት ሲል ይጨልማል፣ ስለዚህ ጨለማው መሀል መንገድ ላይ ያገኛችኋል። ወቅቱ ቡና የሚለቀምበት ነው፣ ኢሱዙው ሁሉ ጭኖ ነው የሚሮጠው፣ አንዳንዱ የኋላ መብራት የለውም፣ የተበላሸው ደግሞ አንጸባራቂ ምልክት አያስቀምጥም፣ ቅጠል ቆርጦ አስፋልት ላይ ይበትንና ስር ገብቶ ይሰራል። ቅርንጫፍ መንገድ ላይ ካየሽ ቀስ በይ፣ ከኩርባው ኋላ የቆመ መኪና አለ ማለት ነው። ይሄን በቀን ታዪዋለሽ፣ ማታ ግን የምታዪው ስትደርሺበት ነው።

ቤንዚን አርብ ጅማ ላይ ሙሊ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሰልፍ ላይ ቆመሽ ከጓደኛሽ ጋር አትጣዪ። ክፍያው በቴሌብር ስለሆነ ስልክሽ ላይ ብሩም ቻርጁም ይኑር። መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ካልቸገረሽ አትንኪው፣ ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። ትርፍ ጎማዋ ንፋስ እንዳላት ጎሚስታ ጋ አስለኪያት፣ ክሪክና የጎማ መፍቻው መኖሩን እይ፣ ሊብሬና ኢንሹራንስ እጅሽ ላይ ይሁን። ስለ መንገዱ ሰላም ደግሞ አርብ ማታ መናኸሪያ ሄደሽ ከቦንጋ የገቡትን ሹፌሮች ጠይቂ፣ ዛሬ የመጣው ነው ዛሬን የሚያውቀው።

የጅሬን ሰው

አቦ ሁላችሁም አንድ ነገር ዘላችኋል። ልጅቷ አርብ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ነው የምትመጣው እኮ። 350 ኪሎ ሜትር! ወሊሶ፣ ወልቂጤ፣ ግቤ ድረስ መውረድ፣ እንደገና ወደ አበልቲ መውጣት፣ ሶኮሩ፣ አሰንዳቦ፣ ሰርቦ... ሌሊት ተነስታ ጅማ ስትገባ ወገቧ የለም። ለሷ የመንገዱ የመጀመሪያ ቀን አርብ ነው፣ ቅዳሜ የሚጀምረው ላንቺ ነው። እና «ጠግበን እንተኛ» ስትልሽ ስንፍና አይደለም፣ አንቺ ከአልጋሽ ነው የምትነሺው እሷ ከመንገድ ነው።

እኔ ብሆን ቅዳሜን ጅማ አሳልፋታለሁ። ጠዋት ጅሬን ውጡ፣ የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እኝህ ሰው እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙ ናቸው፣ ያን የእንጨት ፎቅና በረንዳውን ሰው ከየት ሀገር እየመጣ ያየዋል፣ የጅማ ልጅ ግን በትምህርት ቤት ጉብኝት ከሄደ በኋላ እንግዳ ካልመጣበት አይወጣም ወላሂ። ከሰዓት ቦዬ ረግረግ ጉማሬ ፍለጋ፣ ማታ በጊዜ መተኛት፣ እሁድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሁለታችሁም እኩል ነቅታችሁ ትወጣላችሁ። ያኔ ከፈለጋችሁ ሚዛንም በአንድ ቀን ይገባል፣ በቀን ብርሃን።

የኮቺ ልጅ

የድካሟ ነገር ገብቶኛል ሼኩ፣ አመሰግናለሁ። ግን ቅዳሜን እዚህ ከበላነው ፈቃዷ ያልቃል፣ ሰኞን አስፈቅዳ ነው የምትመጣው። ጅሬን የትም አይሄድም፣ ስንመለስ እንወጣለን ኢንሻአላህ። የቅጠሉን ነገር ደግሞ ላኩላት፣ እስካሁን መልስ የለም፣ ሁለት ሰማያዊ ምልክት ብቻ።

ቦንጋዬ

«ቦንጋ ላድር ነው እንዴ» ያለችው ልጅ ትምጣና ታናግረኝ 😂

እኔ እዚሁ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። ጅማዎች ስትባሉ ቦንጋን ሽንት ቤት የምትጠይቁበት ከተማ አርጋችሁ ነው የምታዩት፣ ሁሉም ወደ ሚዛን ሲያልፍ ነው የማየው። እስኪ በጊዜ ከደረሳችሁ ብሔራዊ የቡና ሙዚየሙን እዩ፣ ከዛ በፊት ግን በመንገድ ላይ ከግምቦ ጀምሮ ቀና ብላችሁ ዛፎቹን እዩ፣ ረጅሙ ዛፍ ላይ የተጋደመ ጥቅልል ነገር ካያችሁ ቀፎ ነው፣ ሰው እዛ ድረስ በገመድ ወጥቶ ነው የሚሰቅለው፣ ማሩን ስትበሉ ዋጋው ለምን እንደዛ እንደሆነ ይገባችኋል። የከፋ ጫካ እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ የመዘገበው ነው፣ ውስጡ ማንም ሳይተክለው የበቀለ ቡና አለ፣ በኅዳር ቀይ ሆኖ ነው የምታገኙት። ቡና እናንተ ጋ ጮጬ ነው የተገኘው የምትሉ የጅማ ሰዎች እኛ ጋ ማንኪራ ሂዱና ከዛ እንጨቃጨቅ።

ባርታ ፏፏቴና የእግዜር ድልድይ የሚሉት አለ (ተፈጥሮ የሠራው ድልድይ ነው)፣ ሁለቱም ደስ ይላሉ ግን ለመጀመሪያ ቀን አልመክርም፣ በእግር መሄድ አለው፣ እዚህ ደግሞ ኅዳርም ቢሆን ዝናብ ቀጠሮ አይሰጥም፣ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ቪትዟንም ከአስፋልት እንዳታወጧት። የሀገሩን ልጅ ይዛችሁ በሌላ ቀን። ለመጀመሪያው ቀን ቆጮ በጎመን በአይብ ብሉ፣ ቡና ጠጡ፣ ገጠር ቤት ከጋበዟችሁ ቡናው በጨው ሊመጣ ይችላል፣ ፊታችሁን እንዳታጨማድዱ።

አልጋ ቀድማችሁ ያዙ። ቦንጋ የደቡብ ምዕራብ ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ስብሰባ ሲኖር ጥሩ ጥሩው ሁሉ ይያዛል፣ የሚቀረው ሌሊቱን ሙሉ ሙዚቃ ያለበት ነው።

ፈቃድ የወሰደችው

ሰላም። ያቺ ጓደኛ እኔ ነኝ። ሊንኩን ራሷ ላከችልኝ እንጂ አልሰለልኳትም።

አንደኛ ቦንጋን አልሰደብኩም፣ ይቅርታ ቦንጋዬ። ሁለተኛ መሪ ይዤ አላየችኝም ምክንያቱም መኪናዋን ለማንም አትሰጥም፣ ቁልፉን ታቅፋ ነው የምትተኛው። ሦስተኛ እውነቱን ልናገር፣ ነገሩ ጎግል ማፕ አይደለም፣ አክስቴ ናት። ቅዳሜ እመጣለሁ ብያታለሁ፣ እንደማውቃት ዶሮው ተገዝቷል። ዘመድ እያለኝ ግማሽ መንገድ ላይ ሆቴል አደርኩ ብላት ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ፣ «እኛ ቤት ጠበበሽ?» ነው የምትለኝ፣ ከዛ ለእናቴ ይደወላል፣ ከዛ እስከ ፋሲካ ይወራል። እሷ እኮ (የኮቺዋ) ይሄን አትረዳም፣ ዘመዶቿ ሁሉ ጅማ ኮቺ ሰፈር ናቸው።

የኮቺ ልጅ

አንቺ ልጅ!! ይሄን ለኔ መናገር አቅቶሽ እዚህ ህዝብ ፊት ትናገሪያለሽ? ሦስት ሳምንት ሙሉ የጎግል ማፕ ፎቶ ስትልኪልኝ?

እናት ነኝ በሉኝ

ልጆቼ እኔ ይሄን ነገር የማየው ከአክስትየው ወገን ሆኜ ነው። ቅዳሜ ትመጣለች ብዬ ወጥ ሠርቼ፣ መሸ፣ ስልክ ስደውል «የደወሉላቸው ደንበኛ ሊገኙ አልቻሉም» ይለኛል፣ ሁለት ሴት ልጆች በጨለማ መንገድ ላይ ናቸው፣ በዛ ሰዓት ለኔ ዶሮው ምኔ ነው? በር ላይ ስወጣ ስገባ ነው የማድረው። ቦንጋ በጊዜ ገብተን አደርን፣ ነገ ምሳ እንደርሳለን ብትሉኝ ግን እስማችኋለሁ። ቅር የሚለው ሰው ሳይነገረው ሲቀር ነው። አሁኑኑ ደውይላት የኔ ልጅ፣ አርብ ማታ አይደለም፣ አሁን። እና «ሆቴል እናድራለን» ብለሽ አትጀምሪ፣ «የምትነዳው ልጅ በማታ መንዳት ትፈራለች፣ እሁድ ምሳ አንቺ ጋ ነን» በያት። ያቺም ልጅ ፈሪ መባሉን ትቻለው፣ ለአንድ ቀን ነው።

የኮቺ ልጅ

እችለዋለሁ እማዬ 😂

ሙዝ በዘነበ

የቀኑ ክርክር ካለቀ እኔ የምጨምረው ስለ መቆም ነው። ከጓደኛ ጋር መንገድ ስትወጡ የመጀመሪያው ቀን የሚበላሸው በመንገዱ ሳይሆን በማቆም ነው፣ አንዱ መቆም ይወዳል አንዱ መድረስ ይወዳል። እኔ ጓደኛ አለኝ፣ ጥሩ ሰው ነው፣ ግን መንገድ ዳር የሚሸጥ ነገር ካየ አያልፍም። በዚሁ መስመር ስንሄድ ሰቃ ሳንደርስ ሸንኮራ፣ ሸቤ ሙዝ በዘለላ፣ ጎጀብ ማንጎ፣ የሆነ ቦታ ላይ ደግሞ ዶሮ ገዛ፣ በነፍሷ ያለች ዶሮ፣ እግሯን አስሮ እኔ እግር ስር አስቀመጣት። ግምቦ ስንደርስ መኪናው ውስጥ የበሰለ ሙዝ፣ የዶሮ ኩስና የሱ ላብ ተቀላቅሎ፣ መስኮት ልከፍት ስል ደግሞ ዶሮዋ ንፋስ ይመታታል ይለኛል። ዶሮዋ!

ከዛ በኋላ የምናደርገው ይሄን ነው፣ ከመነሳታችን በፊት ሁለታችንም እኩል ብር አንድ ፖስታ ውስጥ እናስገባለን፣ ቤንዚን፣ ምግብ፣ አልጋ፣ የመኪና እጥበት ከሱ ብቻ ይከፈላል፣ የግል ሸቀጥ ከግል ኪስ። የቆምንበትን የመረጠው ሰው ቀጣዩን አይመርጥም። ሙዚቃም የሚነዳው ሰው ይምረጥ፣ እሱ ነው እንቅልፍ የማይወስደው መሆን ያለበት። ደግሞ ባለ መኪናዋ «ቤንዚን ተይው እኔ እሞላለሁ» እንዳትይ፣ አሁን በደስታ ትያታለሽ፣ ሚዛን ስትደርሺ ግን በሆድሽ እየቆጠርሽ ነው።

ፈቃድ የወሰደችው

ዶሮዋስ መጨረሻዋ ምን ሆነ?

ሙዝ በዘነበ

ቦንጋ ስንደርስ አመለጠች።

የሚዛን መስመር

ተመልሼ መጣሁ። የጅሬኑ ሰውዬ ያለው ልክ ነው፣ ከአዲስ አበባ የመጣን ሰው በ12 ሰዓት መቀስቀስ ግፍ ነው፣ በዛ ላይ በዛ ሰዓት በለቴ ጫካ ላይ ጉም ሊኖር ስለሚችል ቀድማችሁ ብትወጡም የምታተርፉት የለም፣ መብራት አብርታችሁ በእርምጃ ነው የምትሄዱት። ስለዚህ 2 ሰዓት ተነሱ። የአክስትየዋን እቃ አንቺ አርብ ቀን መርካቶ ወርደሽ ግዢላት፣ ጓደኛሽ በቴሌግራም ፎቶ ትምረጥ፣ ቅዳሜ መርካቶ የሚባል ነገር አይኑር። ጉሙ ከተነሳ ጫካው ውስጥ ቀስ ብላችሁ እለፉ፣ ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ታያላችሁ፣ ፎቶ ለማንሳት ግን ኩርባ ላይ አትቁሙ፣ ሰፋ ያለ ዳር እስክታገኙ ጠብቁ፣ ከኋላችሁ የሚመጣው ኢሱዙ ለጉሬዛ ብሎ ፍሬን አይዝም።

እየቆማችሁም ቢሆን 6 ሰዓት ላይ ቦንጋ ናችሁ። ምሳ በሉ፣ አልጋችሁን ተረከቡ፣ እቃችሁን አውርዱ። ከዛ ጉልበት ካላችሁ በሚዛን መንገድ ትንሽ ወጣ ብሎ ውሽውሽ አለ፣ የሻይ ልማቱ፣ ከአስፋልት ሳትወጡ ሁለት በኩል አረንጓዴ ነው፣ ፎቶ ለሚወዱ ሰዎች እዛ ነው ቦታው። 11 ሰዓት ተመልሳችሁ ቦንጋ። ጓደኛሽም «ከቦንጋ አልፌ ሄጃለሁ» ትላለች።

ቦንጋዬ

ውሽውሽ ዣንጥላ ይዛችሁ ሂዱ። ሻዩ እዛ የተተከለው ዝናቡን ወዶ ነው፣ እኛ ጋ ፀሐይ ሆኖ እዛ ሲዘንብ አይቻለሁ። ሙዚየሙን ግን ከምሳ በፊት ጠይቁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ክፍት መሆኑን ሳታረጋግጡ አትውጡ።

የኮቺ ልጅ

በቃ ተስማማን። አክስቷ ጋ ተደውሏል፣ እኔም ፈሪ ተብያለሁ፣ «ምስኪን፣ ቀስ ብላ ትንዳ፣ ዶሮውን እሁድ እሠራለሁ» ብላለች። 2 ሰዓት መነሳት፣ ቦንጋ ማደር፣ ውሽውሽ እንደ ዝናቡ። ፖስታውም ተዘጋጅቷል፣ መርካቶም እኔ ነኝ የምወርደው፣ አሁን ችግሩ አክስቷ የላከችው ዝርዝር ነው፣ ቡና አለበት፣ «የጅማ ቡና ጥሩውን አምጪልኝ፣ በርከት ይበል» ብላለች። ወደ ቡና ሀገር ቡና ይዞ መሄድ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ኬላ ላይ ችግር አለው እንዴ?

የሚዛን መስመር

አለው። በዚህ ወቅት ኬላ ላይ ኮፈን ሳይቀር ከፍተው ቡና የሚፈልጉበት ጊዜ አለ። ለቤት የሚሆን ጥቂት፣ የተቆላ ቢሆን ይመረጣል፣ ከላይ አስቀምጪው፣ ሲጠይቁሽ ቀድመሽ አሳያቸው። በኩንታል ቤት ነገር ከሆነ ግን ለአክስትየዋ ሻይ ግዙላት፣ ውሽውሽ ታልፉ የለ።

ቦንጋዬ

የጅማ ቡና በከፋ አሳልፋችሁ ሚዛን! እኔ ኬላ ላይ ብሆን አላሳልፋችሁም ነበር። ማር ግዙላት፣ ቅዳሜ ማታ ስትደርሱ ጻፉልኝና ከማን እንደምትገዙ እነግራችኋለሁ፣ ስኳር ያልገባበትን።